የጁዲት ስኮት የሕይወት ታሪክ

እኛ ተማሪዎች ሰውን በፈተና ውጤት መመዘን ለምደናል። ዛሬ ታሪኳን የምናቀርብላችሁ ሴት ግን በተፈተነች ጊዜ ሁሉ የወደቀች ናት።

ጁዲት ስኮት እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ከመንታ እኅቷ ከጆይስ ጋር ተወለደች። ጁዲት ዳውን ሲንድረም ነበረባት። በሕፃንነቷም ጆሮዋ መስማት ተሳነው፤ ይህን ግን ለብዙ ዘመን ያወቀላት አልነበረም። ሲጠይቋት ስላልመለሰች ልትማር አትችልም ተብሎ ተፈረደባት። በ1950፣ በ7 ዓመቷ፣ ከእኅቷ ተለይታ ወደ መንግሥት ማቆያ ተላከች። እዚያም ሥዕል ለመሣል ብትሞክር የቀለም እርሳሱን ከእጇ ወሰዱባት። በእንዲህ ያለ ቤት 35 ዓመት ኖረች።

በ1986 ጆይስ በሕግ ሞግዚቷ ሆና ወደ ካሊፎርንያ አመጣቻት። በዓመቱም በኦክላንድ ወደሚገኘው ክሪኤቲቭ ግሮውዝ አስገባቻት። ይህ ቤት በ1974 የተቋቋመ፣ የአእምሮና የአካል ጉዳት ያለባቸው አዋቂዎች ጥበብ የሚሠሩበት ነው። ጁዲት ሁለት ዓመት ያህል አንድም ነገር ሳይማርካት ተቀመጠች። ሆኖም ያስገደዳት የለም፤ ያባረራትም የለም። ከዚያ በኋላ ሲልቪያ ሰቨንቲ የተባለች የክር ጥበብ ባለሙያ ለማስተማር መጣች። ጁዲት ክሩን አንሥታ፣ ማንም ሳያሳያት፣ እንጨቶችን ትጠመጥም ጀመር። ከዚያ ወዲህ ያገኘችውን ዕቃ ሁሉ በክር እየጠቀለለች፣ አንዱን ሥራ ለሳምንታት፣ አንዳንዱንም ለወራት ትሠራው ነበር። ሥራው ሲያልቅ ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ሌላ ትጀምራለች። በ2005፣ በ61 ዓመቷ፣ በእኅቷ እቅፍ ስትሞት 200 ያህል ቅርጾች ትታለች።

ዛሬ ሥራዎቿ በኒውዮርክ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛሉ፤ በ2014ም የብሩክሊን ሙዚየም ትልቅ ዐውደ ርእይ አዘጋጅቶላታል።

እንግዲህ የጁዲት ሥራ ሙዚየም ገባ። እንደ እርሷ ያሉ ሰዎች ግን ጎብኚ ሆነው ቢመጡ ምን ይገጥማቸዋል? ጽሑፉ ረጅምና ከባድ ነው፤ አስጐብኚው ይቸኩላል፤ ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው በዐይን ይገረፋል። መግቢያው በነጻ ቢሆንም እንኳ በሩ ተዘግቷል ማለት ነው። መፍትሔው ግን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በቀላል ቋንቋ ማስረዳት፣ ጥቂት ሥራዎችን ብቻ መርጦ በዝግታ ማሳየት፣ በእጅ የሚዳሰስና የሚሠራ ነገር ማቅረብ ይበቃል። የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ለእነዚህ ጎብኚዎች የተለየ መርሐ ግብር በማዘጋጀት ይህ እንደሚቻል አሳይቷል።

ጁዲትን ሁለት ዓመት የታገሣት ቤት ተገኝቷል። ለአንድ ጎብኚ አንድ ሰዓት መታገሥ ለማንም ሙዚየም ከባድ አይደለም እንላለን።