ክሪስቲ ብራውን ከመጽሐፉ በኋላ

ስለ አይርላንዳዊው ደራሲ ስለ ክሪስቲ ብራውን የሚነገረው ታሪክ ብዙ ጊዜ በወጣትነቱ ላይ ያበቃል። በእግሩ ጣቶች ጠመኔ ይዞ ፊደል የጻፈው ልጅ መጽሐፍ ደረሰ፤ ዓለምም አደነቀው ይባልና ነገሩ ይዘጋል። እኛ ግን በዚህ ገጽ ከዚያ በኋላ የኖረባቸውን ዓመቶች ጭምር ልንከተል አስበናል፤ በሕፃንነቱ የያዘው ሕመም ጎልማሳ በሆነ ጊዜ አልተወውምና።

ክሪስቲ የተወለደው በደብሊን ከተማ ጁን 5 ቀን 1932 ነው፤ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አባቱ ግንበኛ ነበር። ካደጉት 13 ልጆች አንዱ ክሪስቲ ሲሆን፥ በአራት ወሩ ስታጠባው አንገቱ ወደ ኋላ እየወደቀ አልቀና ማለቱን አስቀድማ ያየችው እናቱ ናት። ሐኪሞች አእምሮውም ጭምር የተበላሸ ስለ ሆነ ተስፋ እንድትቆርጥ ነገሯት። እሷ ግን እንደ ሌሎቹ ልጆቿ አድርጋ አሳደገችው።

ሕመሙ ሴሬብራል ፓልሲ ይባላል። ሕፃኑ ሳይወለድ፥ ሲወለድ ወይም ከተወለደ በኋላ ጥቂት ቆይቶ አንጎሉ ሲጎዳ ጡንቻዎቹ አልታዘዝ ይላሉ፤ ማሰቢያው ግን ጤነኛ ሊሆን ይችላል። የክሪስቲ ማሰቢያ ጤነኛ መሆኑ የታወቀው አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው፥ ከእኅቱ እጅ ጠመኔውን በግራ እግሩ በነጠቀ ጊዜ ነው። እናቱ ወለሉ ላይ «ኤ» የተባለውን ፊደል ጽፋ አሳየችው፤ እሱም ታግሎ ጻፈው። ከዚያ ወዲህ እግሩ እጁ ሆነ፤ ሥዕልም ሣለበት።

ደኅና ሕክምና ያገኘው ግን ወጣት ከሆነ በኋላ ነው። ዶክተር ሮበርት ኮሊስ የተባሉ የሕፃናት ሐኪም ቤቱ ድረስ መጡ፤ በለንደንም ተመረመረ። የተጠየቀው ዋጋ ከባድ ነበር፤ ይኸውም የግራ እግሩ ሥራ የቀረውን አካል ስለሚያስጨንቀው በእሱ መጠቀሙን እንዲተው ነው። እስቲ አስቡት፤ ለደራሲ ያለችህን አንዲት ብዕር ጣል እንደ ማለት ነው! ክሪስቲ እሺ አለ። ወደ ሕክምናው ክፍል ሲገባ ያገኛቸው ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። «የግራ እግሬ» የተባለውን መጽሐፉን እሱ እየተናገረ ወንድሙ ጻፈለት፤ በ1954 ታተመ።

ክፍሉ ለሕፃናት የተሰናዳ መሆኑን እኛ እንደ ትንሽ ነገር አንቈጥረውም። የአንጎሉ ጉዳት በዕድሜ እየሰፋ አይሄድም፤ ስለዚህ ብዙ ዘመን የልጆች ሕመም ብቻ ተደርጎ ታሰበ። ዳሩ ግን ሠላሳና አርባ ዓመት ሙሉ ሲጎተት የኖረ መገጣጠሚያ ቀድሞ ይደክማል፤ በልጅነቱ በግድ ይራመድ የነበረው በጎልማሳነቱ መራመዱን ሊያጣ ይችላል። ያለ ፈቃዱ አንገቱ ሲወዛወዝ የኖረ ሰው የአንገቱ አጥንት ተበልቶ የሕብለ ሰረሰሩ ሊጎዳ ይችላል፤ መዋጥም ሊያስቸግረው ይችላል። ልጅ ሳለ በየጊዜው ያይ የነበረው የሕፃናት ሐኪም ደግሞ ካደገ በኋላ አይቀበለውም። በእንግሊዝ አገር ለጎልማሶች ሕሙማን የተለየ የሕክምና መመሪያ በመንግሥቱ የጤና ተቋም የወጣው በ2019 ነው፤ ክሪስቲ ከሞተ 38 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

እሱ ወደ ግራ እግሩ ተመልሶ ነበር። እናቱ በ1968 ሞተች፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ትልቁን ልብ ወለዱን አሳተመ። ከመጀመሪያው መጽሐፍ ይልቅ ይህን የሚያስበልጡ አሉ፤ እኛም ከእነሱ ወገን ነን፤ ስለ ሕመሙ ሳይሆን ስለ ደብሊን ድሆች የጻፈው ነውና። በ1972 ሜሪ ካር የተባለችውን አገባ። በ1989 የተሠራው ዝነኛ ፊልም የሚያበቃው ከእሷ ጋር በመተዋወቁ ደስታ ላይ ነው፤ ባለ ፊልሞች እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ማቆም ይወዳሉ።

ከዚያ በኋላ ግን ዘጠኝ ዓመት ኖረ። ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ በሶመርሴት ተቀመጠ፤ ግጥምና ልብ ወለድ መጻፉን አልተወም፤ መጠጥም ያበዛ ነበር። ሴፕቴምበር 7 ቀን 1981 እራት ሲበላ ምግብ አንቆት በ49 ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑ ወደ ደብሊን ተመልሶ በግላስኔቪን መካነ መቃብር ተቀበረ።