የሽቦውን ዙሪያ ያየው ኦሊቨር ሄቪሳይድ

በዚህ እትማችን የምናስተዋውቃችሁ ኮሌጅ ደጃፍ ሳይደርስ የፊዚክስ መምህራንን ያስተማረ ሰው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ሄቪሳይድ በ1850 ለንደን ውስጥ ከድኃ ቤተሰብ ተወለደ። በልጅነቱ በያዘው የትኩሳት በሽታ ጆሮው ደከመ። በ16 ዓመቱ ትምህርቱን አቋረጠ፤ ኋላም በዴንማርክና በኒውካስል የቴሌግራፍ ሠራተኛ ሆነ። በ1874 ሥራውን ለቆ ወላጆቹ ቤት ገባና የማክስዌልን መጽሐፍ ብቻውን ያጠና ጀመር። ዛሬ ሰሌዳ ላይ የምንጽፋቸውን አራት የማክስዌል ቀመሮች በአጭሩ ያስቀመጠልን እሱ ነው።

ታዲያ ምን አገኘ? ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ የሚሄደው ውሃ በቧንቧ እንደሚሄደው ይመስለናል። ሄቪሳይድና ፖይንቲንግ ግን በየፊናቸው ሲመረምሩ፣ ለካ ጉልበቱ የሚጓዘው በሽቦው ዙሪያ ባለው የኤሌክትሪክና የማግኔት መስክ ነው! ሽቦው መንገድ መሪ ብቻ ነው።

ሞገዱ የመስመሩ ጫፍ ሲደርስ፣ እዚያ ያለው መሣሪያ ከመስመሩ ጋር ከተመጣጠነ ጉልበቱን ሁሉ ይቀበላል። ካልተመጣጠነ ከፊሉ ወደ መጣበት ይመለሳል። ሂያጁና ተመላሹ ሲደራረቡ፣ አንዱ ቦታ ጎልቶ ሌላው ቦታ ደክሞ የሚታይ ቋሚ ሞገድ ይፈጠራል። መሣሪያው የሚያገኘው ከሄደው ላይ የተመለሰው ተቀንሶ ነው። ጫፉ ክፍት ከሆነማ ሁሉም ይመለሳል፤ ቮልቴጅ አለ፣ የሚደርስ ጉልበት ግን የለም። ገመድ ከመስኮት ብረት ጋር አስረን አንዴ ብንወዘውዘው የሚመለሰውን ሞገድ ተማሪው በዓይኑ ያያል።

በ1887 ሄቪሳይድ በረጅም መስመር የሚበላሸውን የስልክ ድምፅ ለማቃናት የመስመሩን ኢንዳክታንስ መጨመር እንደሚያስፈልግ በስሌት አሳየ። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ከፍተኛ ባለሙያ የነበረው ዊልያም ፕሪስ ግን ኢንዳክታንስን እንደ ጠላት ያይ ነበርና ጽሑፉን አገደ። በ1900 ገደማ አሜሪካኖች በመስመሩ ላይ በየርቀቱ ጥቅል ሽቦ ቢያስገቡ ስልኩ ርቆ ተሰማ። የፓተንቱ ገንዘብ የደረሰው ግን ለሚካኤል ፑፒን ነው።

ሄቪሳይድ በ1891 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ። በ1925 ቶርኪ ከተማ ትዳር ሳይዝ፣ ሀብት ሳያፈራ ሞተ።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፣ ነገ ክፍል ስንገባ ከኋላ ተቀምጦ የምንለው በደንብ የማይሰማው ልጅ አይጠፋም። ሰነፍ ነው ከማለታችን በፊት ወደ ፊት አምጥተን እናስቀምጠው፤ ጥያቄውንም ሳናቋርጥ እንስማው።