ሻምበል ማሞ ወልዴ፦ ከድሬ ጅሌ እስከ ሌጎስ



ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤያችን ለአገር ቤት ተማሪዎች የምናዘጋጀውን ዓመታዊ ሩጫ በማን ስም እንሰይመው በሚለው ነጥብ ሳንስማማ መለያየታችን ይታወሳል። አብዛኛው ሰው የሻምበል ማሞ ወልዴን ስም አነሣ። ጥቂት አባላት ግን ፍርድ ቤት የፈረደበትን ሰው ስም ለልጆች ሩጫ መስጠት ከብዷቸው ነበር። በመጨረሻም ታሪኩን የሚያውቅ ሰው በዚህ መጽሔት ይጻፍልንና ሁሉም አንብቦ ይወስን ተባለ። አባቴ የአድአ ሰው ስለነበሩ ሥራው ለእኔ ደረሰኝ።

ዓመቶቹን የጻፍኩት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ። ማሞን በአንቱታ አለመጥራቴም ንቀት አይደለም። ጀግናን አንተ ማለት የቆየ ልማዳችን ነው።

ማሞ በ1932 በአድአ ከኦሮሞ ቤተሰብ ተወለደ። ልጅነቱን ያሳለፈው በድሬ ጅሌ ሲሆን ፊደል የቆጠረውም በቄስ ትምህርት ቤት ነው። በ1951 ክብር ዘበኛ ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ኮሪያ ዘምቶ እስከ 1955 እዚያው አገለገለ።

በ1956 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትካፈል ማሞ በሜልበርን ነበር። የሮጠው 800 ሜትር፣ 1,500 ሜትርና 4 በ400 ሜትር ዱላ ቅብብል ነው። በግሉ ከሮጠባቸው ርቀቶች በአንዱም ከመጀመሪያው ማጣሪያ አላለፈም። በ1960 አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ ማሞ በቡድኑ ውስጥ አልነበረም። በ1964 ቶኪዮ ላይ በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ፤ ማራቶኑን ግን አቋርጦ ወጣ። እንግዲህ ከሜልበርን ስምንት ዓመት ሙሉ አልፎ ገና አንድ የኦሎምፒክ ሜዳሊያ እንኳ አልነበረውም።

ሜክሲኮ ሲቲ በ1968 ሁሉን ለወጠው። በ10,000 ሜትር ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ በሰከንድ ስድስት አሥረኛ ቀድሞት ማሞ ብር አገኘ። በማራቶኑ ዕለት አበበ በእግሩ ሕመም 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሲያቋርጥ የአገሩ ተስፋ በማሞ ላይ ወደቀ። በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገባ። ሁለተኛ የወጣው ጃፓናዊው ኬንጂ ኪሚሃራ የደረሰው ከሦስት ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነበር። በዚህ ድል ኢትዮጵያ የኦሎምፒክን ማራቶን ለሦስተኛ ተከታታይ ጊዜ ወሰደች።

አባቴ ስለ ማሞ ሲያወሩ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ያቆሙ ነበር። ቀጥሎ ምን ሆነ ብዬ ስጠይቃቸው ወሬ ይለውጣሉ። የቀረውን ያወቅሁት አድጌ፣ ከአገር ከወጣሁ በኋላ ነው።

የምኖረው ሙኒክ ነው። ከሥራ ስመለስ በኦሎምፒክ ስታዲየሙ አጠገብ አልፋለሁ። ማሞ በ40 ዓመቱ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ሦስተኛ የወጣው እዚህ ነው፤ አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር አንደኛ፣ ቤልጂጋዊው ካሬል ሊስሞንት ሁለተኛ ነበሩ። ቀኑ መስከረም 10 ቀን 1972 ነበር። በእኛ ስቆጥረው ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ከአበበ ቀጥሎ በሁለት ተከታታይ ኦሎምፒኮች የማራቶን ሜዳሊያ ያገኘ ሁለተኛው ሰው ማሞ ሆነ።

ብዙዎቻችን የማናውቀው ግን ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። የመጀመሪያው የመላ አፍሪካ ጨዋታ በ1965 በብራዛቪል ተካሂዶ ነበር። ሁለተኛው በ1969 በባማኮ ሊደረግ ታስቦ፣ በማሊ የተካሄደው ወታደራዊ መፈንቅለ መንግሥት አሰናከለው። ዝግጅቱ ወደ ሌጎስ ቢዛወርም ናይጄሪያ ከቢያፍራ ጦርነት ገና ማገገሟ ስለነበረ እንደገና ዘገየ። በመጨረሻ በጥር 1973 ተከፈተ። የታንዛኒያው ፊልበርት ባዪ በ1,500 ሜትር ኪፕ ኬይኖን ያሸነፈው፣ የኡጋንዳው ጆን አኪ ቡዋም የ400 ሜትር መሰናክልን የወሰደው በዚያ ነው። ሙኒክ ላይ የ5,000 ሜትር ውድድሩ ያመለጠው የእኛው ምሩጽ ይፍጠር ደግሞ በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘ።

ማራቶኑን ማሞ በ2 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ አሸነፈ። ብራዛቪል ላይ ማራቶን ስላልነበረ የጨዋታው የመጀመሪያ የማራቶን ባለ ወርቅ የድሬ ጅሌው ልጅ ነው ማለት ነው። ሰዓቱን ብቻ ያየ ሰው ሊያጣጥለው ይችላል። ሌጎስ ግን በባሕር ጠረፍ ያለች፣ አየሯ የሚወብቅ ከተማ ናት። ለደጋ ሯጭ፣ ያውም ከሙኒክ አራት ወር በኋላ፣ በ40 ዓመቱ 42 ኪሎ ሜትር መሮጥ ቀላል አልነበረም። እሱ ግን ክብሩን ይዞ ቤቱ መቀመጥ ሲችል አፍሪካውያን ራሳቸው ወዳዘጋጁት ጨዋታ ሄዶ ሮጠ። እኔ ከሜክሲኮው ድል እኩል የማየው ይህንን ነው።

አሁን አባቴ ወደማይነኩት ክፍል ልግባ። ከአብዮቱ በኋላ ማሞ በቀበሌ ኃላፊነት ላይ ነበር። በ1993 ታሰረ። የተከሰሰው በቀይ ሽብር ዘመን በአንድ ታዳጊ ግድያ ተካፍሏል ተብሎ ነው። በቦታው መገኘቱን አልካደም፤ መግደሉን ግን እስከ መጨረሻው ክዷል። ፍርድ ሳያገኝ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ታስሮ ቆየ። በ2002 መጀመሪያ ጥፋተኛ ተብሎ ስድስት ዓመት ተፈረደበት፤ የታሰረበት ጊዜ ከዚያ ስለሚበልጥ ተለቀቀ። ከወራት በኋላ ግንቦት 18 ቀን 1994 ዓ.ም. በጉበት ካንሰር ዐረፈ። ዕድሜው 69 ነበር።

በስብሰባው ላይ የከበዳቸው ወንድሞችና እኅቶች ልክ ናቸው፦ በዚህ ታሪክ ውስጥ ልጁን ያጣ ቤተሰብ አለ። ያንን ዘለን ስለ ሜዳሊያ ብቻ ብናወራ ሐዘናቸውን እንረግጣለን። ዘጠኝ ዓመት ፍርድ የጠበቀውን ሰው ድካም ብንዘልም እንደዚያው ነው። እኔ የማመዛዝንበት ሚዛን የለኝም፤ ከፍርድ ቤቱ በላይ አውቃለሁም አልልም።

የእኔ ድምፅ እንዲህ ነው፦ ሩጫው በማሞ ወልዴ ስም ይጠራ፤ ለተማሪዎቹ የምንሰጠው ጽሑፍ ግን ሜክሲኮ ላይ አይቁም። ሜልበርን በማጣሪያ የቀረበትን ቀን፣ ሌጎስን፣ እስር ቤቱንና ልጁን ያጣውንም ቤት ይጨምር። ልጆቹ ሙሉውን ሰምተው ይጠይቁን፤ እኔ አባቴን ጠይቄ ያጣሁትን መልስ እነሱ ከእኛ ይስሙ። የሩጫው ቀንም ጳጉሜን 5 ቢሆን ደስ ይለኛል።

በመጪው ጉባኤ ለመነጋገር ያብቃን።