ስቫንቴ አሬኒየስ

ስቫንቴ አውጉስት አሬኒየስ (ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1859 – ኦክቶበር 2 ቀን 1927 እ.ኤ.አ.) የስዊድን የፊዚክስና የኬሚስትሪ ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1903 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ሲያገኝ ለዚህ ክብር የበቃ የመጀመሪያው ስዊድናዊ ሆነ። በስሙ የሚጠራው ቀመር ዛሬ የኤሌክትሪክ ሞተር ሥራውን ሳያቆም የኢንሱሌሽኑን ዕድሜ ለመገመት ያገለግላል።

ሕይወት

አሬኒየስ በኡፕሳላ ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው ቪክ ተወለደ። አባቱ መሬት ቀያሽ ነበር። በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ከተማረ በኋላ በ1881 ወደ ስቶክሆልም ሄዶ በኤሪክ ኤድሉንድ ሥር የኤሌክትሪክ ጅረት ጨው በሟሟበት ውኃ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ አጠና። በዚሁ ጉዳይ በ1884 ላቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ የኡፕሳላ ፕሮፌሰሮች ዝቅተኛ ውጤት ሰጡት፤ ውጤቱም ለዩኒቨርሲቲ መምህርነት አያበቃውም ነበር። እሱ ግን ጽሑፉን ለውጭ አገር ሊቃውንት ላከ። ከነሱ አንዱ ቪልሄልም ኦስትቫልድ ከሪጋ ድረስ መጥቶ ሥራ ሲያቀርብለት፣ ኡፕሳላም በዚያው ዓመት መምህር አድርጎ ሾመው። የኖቤል ሽልማቱን ያስገኘለት ያ በዝቅተኛ ውጤት የታለፈ ሐሳብ ነው።

በ1895 በስቶክሆልም ፕሮፌሰር ሆነ። በ1896 በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ አሰላ። ከ1905 እስከ 1927 የኖቤል ፊዚካል ኬሚስትሪ ተቋምን መራ።

የአሬኒየስ ቀመር

በ1889 አሬኒየስ የኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነት ከሙቀት ጋር ያለውን ግንኙነት አብራራ። ሙቀት ጥቂት ሲጨምር ለለውጡ የሚበቃ ኃይል ያላቸው ሞለኪውሎች ቁጥር እጅግ ስለሚበዛ ፍጥነቱ በብዙ እጥፍ ያድጋል።

በኤሌክትሪክ ሞተር

የሞተር ኮይል ሽቦዎች እርስ በርስና ከብረቱ ጋር እንዳይነካኩ በቫርኒሽና በመሰል ነገሮች ይለበጣሉ። ይህ ልባጥ በሙቀት ቀስ በቀስ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ በመጨረሻም ኮይሉ ይቃጠላል። ቶማስ ዳኪን በ1948 ይህ እርጅና ራሱ ኬሚካዊ ለውጥ ስለሆነ በአሬኒየስ ቀመር እንደሚሰላ አሳየ። በግምት ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። ለምሳሌ በ155 ዲግሪ 20,000 ሰዓት የሚቆይ ኢንሱሌሽን በ165 ዲግሪ 10,000፣ በ175 ዲግሪ ደግሞ 5,000 ሰዓት ያህል ብቻ ይቆያል።

በሜገር ለመለካት ሞተሩ መቆም አለበት። በኮይሉ መካከል የተቀበረ የሙቀት ሴንሰር ግን ሞተሩ እየሠራ መረጃ ይልካል፤ ኮምፒዩተርም በየሰዓቱ ያለቀውን ዕድሜ እየደመረ ሞተሩ ከመቃጠሉ በፊት ያስጠነቅቃል። ይሁን እንጂ ቀመሩ የሚያሰላው የሙቀትን ጉዳት ብቻ ነው። እርጥበት፣ ንዝረትና በኢንሱሌሽኑ ክፍተቶች ውስጥ የሚፈጠሩ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ብልጭታዎች በሌላ መሣሪያ መለካት አለባቸው።