ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የሹም ደመወዝ

የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በተነሣ ቁጥር ነገሩ የዘመናችን ችግር ብቻ መስሎ ይታየናል። ነገር ግን ሹም ከግምጃ ቤት በቁርጥ ደመወዝ ካልተዳደረ በቀር ሥርዓት ያለው መንግሥት ሊቆም አይችልም የሚለውን አሳብ ከመቶ ዓመት በፊት በአማርኛ አብራርተው የጻፉ ሰው ነበሩ። እኒህም ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። ኢኮኖሚስቶች የሙያቸው አባት አድርገው ሲቆጥሯቸው፣ እኛ መሐንዲሶች ግን ስማቸውን እምብዛም አናነሣም፤ ይህም የሚገባ አይደለም።

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ በአድዋ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው የዐፄ ዮሐንስ አገልጋይ ስለ ነበሩ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ሞቱ። ልጁም በሕፃንነቱ ወደ ኤርትራ ተሻግሮ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያም ምጽዋ ላይ ከቆመ የጀርመን መርከብ ገብቶ ሳይወርድ እንደ ቀረና የመርከቡ አዛዥ ለአንድ ባለጠጋ የኦስትሪያ ቤተሰብ አደራ እንደ ሰጠው ይተረካል። ጀርመንኛን እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋ አጠና፤ ሕክምናም በበርሊን እንደ ተማረ ይነገራል። ወደ አገሩ የተመለሰው አውሮፓን በእንግድነት ሳይሆን በውስጧ አድጎ ያወቀ ጎልማሳ ሆኖ ነው።

በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ያዩት ነገር የኋላ አሳባቸውን ሁሉ እንደ ቀረጸ እገምታለሁ። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ተሾሙ። ነገር ግን የንጉሡ ሀብትና የመንግሥቱ ሀብት በአንድ ጎተራ ነበር፤ ሹሙም የሚኖረው ከደመወዝ ሳይሆን ከተሰጠው አገር ነበር።

ይህን ጽሑፍ የማዘጋጀው ቡኢ ተቀምጬ ስለ ሆነ፣ የዚያ ሥርዓት አሠራር ምን እንደ ነበር ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻኝም። ሶዶም ሆነ የቀረው የጉራጌ ምድር ወደ ምኒልክ ግዛት ከገባ በኋላ ወታደሩና መልከኛው ቀለብ የሚቆረጥላቸው በገባር ነበር። ይኸውም ለአንድ ባለማዕረግ እንደ ደረጃው ይህን ያህል ገባር ይመደብለታል፤ ገባሩም እህል ያስገባል፣ እንጨት ይሸከማል፣ ቤት ይሠራል፣ እርሻ ያርሳል። እንግዲህ በዛሬው አነጋገር የደመወዙ መክፈያ ሰነድ ራሱ ገበሬው ነበር ማለት ነው። ግብሩ በገንዘብ ሲጠየቅም የጉራጌ ጎልማሳ ብር ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ይወጣ ጀመር፤ ዛሬ በንግዱ የምንኮራበት ስደት አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው።

ገብረ ሕይወት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 አሥመራ ላይ በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው ለወጣቱ አልጋ ወራሽ ለልጅ ኢያሱ የለውጥ ምክር አቀረቡ። የንጉሡ ገንዘብ ከመንግሥቱ ገንዘብ ይለይ፤ ሹምና ወታደር ደመወዝ ይቆረጥላቸው፤ ገበሬው የሚከፍለው ግብር ልኩ ታውቆ በገንዘብ ይሁን፤ ሕግ ይጻፍ፤ ትምህርት ይስፋፋ የሚሉት ይገኙበታል። ለአብነትም ጃፓንን ጠቀሱ። እነዚህ ምክሮች ለየብቻቸው የቆሙ አይደሉም። ግብሩ በገንዘብ ካልሆነ ደመወዝ በገንዘብ ሊከፈል አይችልም፤ ደመወዝ ከሌለ ደግሞ ሹሙ እጁን ከገበሬው ጎተራ ሊያወጣ አይችልም። ድልድይ የሠራ ሰው አንዱ ምሰሶ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ያውቃልና ይህ አያያዝ ለእኛ ሙያ እንግዳ አይደለም።

ከዚያም አሳባቸው በሥራ የሚፈተንበት ጊዜ መጣ። በመጀመሪያ የምድር ባቡር ተቆጣጣሪ ሆኑ፤ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ተባሉ። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን ከተማዪቱ የአገሪቱ የገቢና ወጪ ንግድ ዋና በር ሆና ነበር። በቀድሞው ልማድ ነጋድራስነት ማለት ለንጉሡ የሚገባውን አስገብቶ በተረፈው መበልጸግ ነበር፤ ስለዚህ የቁርጥ ደመወዝ ጠበቃ የተቀመጡት ያለ ደመወዝ በሚያከብረው ወንበር ላይ ነው።

ቡናና ቆዳ ሲወጣ፣ ጨርቅ ሲገባ በየቀኑ የሚያዩ ሰው ሆነው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለውን ሁለተኛ መጽሐፋቸውን አዘጋጁ። በዚህም በየመንገዱ የተተከለው ኬላ ነጋዴውን እንደሚያደኸይ፣ ዕውቀት የጎደለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ጋር ሲነግድ ዘወትር ተጎጂው እርሱ እንደ ሆነ አስረዱ። ባቡሩንም በጭፍን አላወደሱም፤ ሐዲዱ ለሕዝቡ የሚጠቅመው የሚጭነውን የሚያመርት ዕውቀት አብሮ ሲገኝ ነው ብለው ያምኑ ነበር። የመንገድ ሥራ ለምንሠራ ሰዎች ይህ ክፍል ብቻውን ሊነበብ ይገባዋል።

በ1911 ዓ.ም. ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ሳሉ አረፉ። መጽሐፉ የታተመው በ1916 ዓ.ም. ነው። የአገር ግዛት ገዥዎችን ከግምጃ ቤት ደመወዝ የሚቀበሉ ያደረገው ድንጋጌ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ሲሆን፣ እርሳቸው ካረፉ ሃያ ሦስት ዓመት አልፎ ነበር። የመንግሥት ሠራተኞችን ቅጥርና ደረጃ በአንድነት የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት እስኪቋቋም ደግሞ 1954 ዓ.ም. ደረሰ።

ገብረ ሕይወት ያልነኩት ነገር ቢኖር የአንዱ ሹም ደመወዝ ከሌላው ጋር በምን ይመዘን የሚለውን ነው፤ በዘመናቸው ደመወዙ ራሱ ስላልነበረ አይፈረድባቸውም። ይህን ጥያቄ በቅርብ ዓመታት በመላ አገሪቱ የተካሄደው የሥራ ምዘናና የደረጃ አወሳሰን በነጥብ ሊመልስ ሞክሯል። ምዘናው የመንግሥትን ሥራ ከመንግሥት ሥራ ጋር ያስተያያል። የወረዳው መሐንዲስ ግን ራሱን የሚያስተያየው በዚሁ በቡታጅራ መንገድ ላይ ለተቋራጭ ከሚሠራው የክፍል ጓደኛው ጋር ነው፤ ያንን ልዩነት የሚለካ ነጥብ በምዘናው ውስጥ አላየሁም።