ሊቲየምን ለአእምሮ ሕክምና ያበቁት፣ መልሰውም ያቆሙት ሐኪም

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አውስትራሊያዊው የአእምሮ ሐኪም ዶ/ር ጆን ኬድ ነው።

ኬድ እ.ኤ.አ. በ1912 በቪክቶሪያ ግዛት ሙርቶዋ በምትባል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በአእምሮ ሆስፒታሎች የሠሩ ሐኪም ስለነበሩ፣ ኬድም ያደጉት ከሕሙማኑ ብዙ ሳይርቁ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጃፓኖች ተማርከው ሲንጋፖር፣ ቻንጊ ውስጥ ከሦስት ዓመት በላይ ማቀቁ።

ከጦርነቱ መልስ ሜልበርን ባለው የቡንዱራ ሆስፒታል ሥራ ያዙ። ደህና ላቦራቶሪ እንኳ አልነበራቸውም፤ የሚመራመሩት ሥራ ፈትታ በቆየች የዕቃ ክፍል ውስጥ ነበር። ለጊኒ ፒጎች ሊቲየም ሲወጓቸው እንስሳቱ ረጋ አሉ። ኬድ ታዲያ ወደ ሰው ከመሄዳቸው በፊት መጀመሪያ ራሳቸው ቀመሱት።

እ.ኤ.አ. በ1948 ለዓመታት በማኒያ ሲናወጥ ለኖረ አንድ ታካሚ ሰጡት። ሰውየው ተሽሎት በወራት ውስጥ ቤቱ ገባ። በ1949 ኬድ የአሥር የማኒያ ታካሚዎችን ውጤት አሳተሙ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ያ የመጀመሪያው ታካሚ መድኃኒቱን ተወና አገረሸበት። እንደገና ጀመረ፤ በ1950 በሊቲየም መመረዝ ሞተ። ኬድም ስማቸውን ያስጠራውን መድኃኒት በገዛ ሆስፒታላቸው አስቆሙ። ቀላል ውሳኔ አይደለም!

ለካ ችግሩ ልኩ ላይ ነበር። የሚያድነውና የሚመርዘው መጠን በጣም ይቀራረባሉ። እዚያው ሜልበርን ኤድዋርድ ትራውትነርና ባልደረቦቻቸው በታካሚው ደም ውስጥ ያለውን ሊቲየም እየለኩ መስጠት እንደሚቻል አሳዩ። ዴንማርካዊው ሞገንስ ሾው በ1954 ባሳተሙት ጥናት ጥቅሙን አጠናከሩ። አሜሪካ መድኃኒቱን የፈቀደችው በ1970 ነው። ኬድ ይህን ሁሉ አይተው በ1980 አረፉ።

ዛሬ ሊቲየም የሚወስድ ሰው የደም መጠኑ፣ ኩላሊቱና ታይሮይዱ በየጊዜው ይመረመራል። ደሙ የሚቀዳው የመጨረሻው መድኃኒት ከተወሰደ 12 ሰዓት ገደማ ሲሆነው ነው። ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ከወትሮው የባሰ የእጅ መንቀጥቀጥ ወይም መንገዳገድ ከታየ ቶሎ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ውሃ ማነስና እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች መጠኑን ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። ደህና ነኝ ብሎ በራስ ማቆምም ሕመሙን ሊመልሰው ይችላል፤ የኬድን ታካሚ ያየ ይህን አይረሳም።

ቤታችሁ ሊቲየም የሚወስድ ሰው ካለ፣ መጨረሻ የተመረመረው መቼ እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቁት።