ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ፦ ያለ ፀሐይ የሚኖሩትን ያገኘ ሊቅ

ፍግ የጠገበ ማሳ ገብሱ እንደሚያምር ለወረኢሉ ገበሬ የሚነግረው አያስፈልግም። ፍጉ አፈር ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሆን ግን ሊቃውንት ብዙ ዘመን ደክመውበታል። ነገሩን የፈታው ቪኖግራድስኪ ነው፤ ይህንኑ ሲፈልግም ያልታሰበ ሌላ ነገር አገኘ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1856 ዓ.ም. በኪየቭ ከባለጸጋ ቤተ ሰብ ተወለደ። ሕግ መማር ጀመረና ተወ፤ ፔተርስቡርግ ሄዶ ፒያኖ ተማረ፤ እሱንም ተወ። የእኛ አገር ተማሪ እንዲህ ቢያደርግ ዘመድ ተሰብስቦ ይመክረው ነበር። በመጨረሻ ልቡ በተፈጥሮ ጥናት ላይ ዐረፈ።

በ1887 በስትራስቡርግ፣ የተበላሸ ዕንቁላል በሚሸት ውሃ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ሲመረምር፣ ይህ ፍጥረት ኃይሉን የሚያገኘው ድኝ ያለበትን ያንን ጋዝ ከኦክሲጅን ጋር በማዋሐድ መሆኑን ተረዳ። ቀጥሎ በዙሪክ ወደ ፍጉ ጉዳይ ገባ፤ ጊዜው በወሎ የውጫሌ ውል የተፈረመበት 1889 አካባቢ ነው። የፍጉን አሞኒያ ለተክል ወደሚስማማ ናይትሬት የሚለውጡትን ባክቴሪያዎች ሌሎች ሰዎች በጄላቲን ላይ ለማሳደግ ሞክረው አልሆነላቸውም። እሱ ምግቡን ከለከላቸው። ስኳር የለ፣ መረቅ የለ፤ አሞኒያና ጥቂት ማዕድን ያለበት ውሃ ብቻ ሰጣቸው። አደጉ። ሰውነታቸውን የሠሩት ከተቃጠለ አየር፣ ማለት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር።

እስከዚያ ድረስ ይህ ሥራ የፀሐይና የአረንጓዴ ቅጠል ብቻ ነው ይባል ነበር። ቪኖግራድስኪ ግን ለክቶ አሳየ፤ 35 ግራም ያህል ናይትሮጅን ሲለወጥ የሚያዘው ካርቦን 1 ግራም ነው። ብዙ ድካም፣ ጥቂት ትርፍ፤ ቢሆንም ያኖራቸዋል።

በ1905 በጤና ምክንያት ሥራውን ትቶ በርስቱ ተቀመጠ። የ1917 አብዮት ሲመጣ ርስቱም ሀብቱም ቀረና ተሰደደ። በ1922 የፓስተር ተቋም ወደ ፈረንሳይ ሲጠራው 66 ዓመቱ ነበር። ሌላው ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ እሱ በብሪ ኮምት ሮቤር አፈር መመርመሩን እንደ አዲስ ጀመረ፤ በ1953ም በዚያው ዐረፈ።

ዛሬ መሐንዲሶች ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከፋብሪካ ጭስ ለመለየት ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ የተባለውን ኤንዛይም ይሞክራሉ፤ ጋዙ ከውሃ ጋር ፈጥኖ እንዲዋሐድ ያደርጋል። ጭሱ ትኩስ ስለ ሆነ ሙቀት የሚችል ኤንዛይም ያስፈልጋል። ስለዚህ ከሚመረምሯቸው መካከል አንዱን፣ 70 ዲግሪ ሙቀት የሚቋቋመውን፣ ያገኙት በፍል ውሃ ውስጥ በድኝ ከሚኖር ባክቴሪያ ነው። አኗኗሩ ቪኖግራድስኪ በስትራስቡርግ እንዳየው ነው። አሁን የሚያስቸግራቸው ኤንዛይሙን በርካሽ ማምረትና ፋብሪካ ውስጥ ሳይበላሽ ማቆየት ነው።